የኋላ ማርሽ የሌላት ጂፓችን

«አትወጣም አልኩ፣ አትወጣም!» አለች እማዬ። «ልጄ በዚህች መኪና ተሞሽራ ከዚህ ግቢ አትወጣም።»

«አገር ምድሩ ለልጁ ሰርግ የሚለምናትን መኪና የገዛ ልጄ ትጠየፋት?» አለ አባዬ።

«ጽጌን ምን አገባት? የምጠየፋት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ነው።»

«እንግዲያው መድኃኒቷ መጥቶልሃል። ወንድሜ ከጅቡቲ ድረስ ተሸክሞ ያመጣልህን ግጠምላትና ልጄን ይዘህ ውጣ። አለዚያ በታክሲ ትሄዳለች።»

«በታክሲ!» አባዬ ቃሉን እንደ ስድብ አነሣው። «የታደሰ ልጅ በታክሲ!»

ጋሼ ንጉሤ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ በሁለቱ መሐል ተቀምጦ የቀዘቀዘ ሻዩን ያማስላል። ከፊቱ በሽርጥ የተጠቀለለ አንድ ከባድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ቅባቱ ሽርጡን አልፎ የጠረጴዛውን ልብስ ነክቶታል። ሌላ ቀን ቢሆን ለዚያ ቅባት ብቻ ራሱን የቻለ ጠብ ይነሣ ነበር። ዛሬ ግን ማንም አላየውም። ከበሩ ኋላ ከቆምኩት ከእኔ በቀር ማለቴ ነው፤ እኔ ዝም የምል ሰው ስለሆንኩ ብዙ አያለሁ።

ከመሐል ጀመርኩባችሁ መሰለኝ። እህቴ ጽጌ እሑድ ታገባለች። ባሏ የሚሆነው መምህር የሚያስተምረው አሰበ ተፈሪ ነው፤ ሩቅ ነው። ጠቡ የተነሣው ከድሬዳዋ የሚያወጣት መኪና የትኛው ይሁን በሚለው ነው። ጠቡ እንዲገባችሁ ግን ከመኪናዋ ጋር ላስተዋውቃችሁ ይገባል፤ እሷን ሳያውቁ እኛን ማወቅ አይቻልምና።

አሮጌ መኪና የገዛ ሰው፣ ከመኪናው ጋር የቀድሞውን ባለቤት ጠባይ አብሮ ይገዛል። ይህን እስክትገዙ ድረስ ማንም አይነግራችሁም። የእኛ ጂፕ ለምሳሌ መሪዋን ለቀቅ ካደረጓት ወደ ግራ ታዘነብላለች። አባዬ እንደሚለው የቀድሞው ሾፌር በግራ መስኮት አንገቱን እያወጣ ሰው ሰላም ማለት ይወድ ነበር። የቀኝ በሯ የሚከፈተው ከውስጥ በጉልበት ጫፍ ቀስ ብለው ሲገፏት ነው፤ በኃይል ከገፏት ትቀየማለች። የቤንዚን መለኪያዋ ደግሞ ታንከሩ ቢሞላም ቢደርቅም ግማሽ ላይ ነው የምትቆመው፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሐሳቡን እንደተጠየቀ ጠንቃቃ ሰው።

ትንሽ ናት። ከፊት ሁለት ሰው፣ ከኋላ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር ያደረጉ አራት ሰዎች ትይዛለች። አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ያረጁ መኪናዎቹን በጨረታ ሲሸጥ፣ ትልልቆቹን ሌሎች አነሡና እሷ ለአባዬ ቀረች። ሰፈር የገባች ቀን ልጆቹ ከበዋት «አቦ ጋሽ ታደሰ! ጫጩቷን ገዛህ፣ እናቷስ መቼ ትመጣለች?» ብለው ነበር። እሷ ግን የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ድልድይ ሳትለምን አቋርጣ የምትወጣ ናት። የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ብታዩዋት! ትልልቆቹ መኪናዎች በየጥምዝምዙ ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት እየተፉ ቆመው፣ እሷ እንደ ወፍጮ እየጮኸች በአጠገባቸው ታልፋለች። ያን ጊዜ እኔ፣ በክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣው፣ በመስኮት እጄን አውጥቼ አውለበልባለሁ።

አባዬ የምድር ባቡር ሰው ነው፤ የተጎዱ ፉርጎዎችን ይጠግናል። መኪና ገዛ እንጂ ከባቡር አልወጣም። ጂፗን የቀባት ከፉርጎ በተረፈ ቀይ ቡናማ ቀለም ነው። ከመነሣቱ በፊት በዙሪያዋ እየዞረ ጎማዎቹን በመዶሻ መታ መታ ያደርጋል። ባቡር ላይ እንዲህ ይደረጋል፤ መንኮራኩሩ ከተሰነጠቀ ድምፁ ያስታውቃል። የጎማ ድምፅ ምን እንደሚያስታውቅ ግን እስከ ዛሬ አልነገረንም። ከዚያ ይገባና ክላክሱን ሁለት ጊዜ ያሰማል፤ መንገዱ ላይ ዶሮ እንኳ ባይኖር። ያለ ምልክት መነሣት በእሱ ሃይማኖት ኃጢአት ነው። ልማዱ ከመኪናዋ አልፎ ቤት ገብቷል። ከማዕድ ሲነሣ፣ ወደ ሥራ ሲወጣ፣ ለመተኛት ሲሄድ እንኳ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ እህህ፣ እህህ ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እማዬም ቀና ሳትል «መንገዱ ክፍት ነው፣ ሂድ» ትለዋለች። ስንኖር እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ጂፓችን የኋላ ማርሽ የላትም።

አባዬ በጨረታው ቦታ ሲሞክራት ፊቷ ወደ በሩ ነበር፤ አስነሣት፣ ሄደች፣ ገዛት። ባቡር የለመደ ሰው ወደፊት ከሄደ ሌላ ምን ይጠይቃል? በእልልታ ግቢያችን ገባች፤ በነጋታው ግን መውጣት አልቻለችም። ማርሹን ወደ ኋላ ሲያስገባው የሚሰማው የጥርስ መፋጨት ብቻ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ የዚህ ዓይነት ዕቃ በከተማው ሱቅ የለም። ስለዚህ የኋላ ማርሽ እኔና ጽጌ ሆንን። እሷ በቀኝ መብራት፣ እኔ በግራ መብራት። የክፍሌ ልጆች ሁሉ በሚያልፉበት ሰዓት፣ ደንብ ልብሴን እንደለበስኩ፣ አንገቴን ደፍቼ እገፋለሁ። «ትንሽ ቀና በይ፣ አገር ይይሽ» ትለኝ ነበር ጽጌ፣ ይባስ ብላ።

በኋላ አባዬ የጓሮውን አጥር ቀደደና ሁለተኛ በር አወጣ። በፊት በር ትገባለች፣ በጓሮ በር ትወጣለች። ግቢያችን ጣቢያ ሆነ። ከተማውንም ቢሆን አጠናው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ አደባባዮችም አሉት፤ መሄድ እንጂ መመለስ የማይችል መኪና እንኳ ዞሮ ቤቱ ይገባል። አሮጌው ሰፈር መጋላ ግን ሌላ ነው። የመጋላ መንገድ ይጠብና ይታጠፋል፣ ይታጠፍና የሰው ግቢ ይሆናል። ስለዚህ አባዬ መጋላ የሚሄደው በእግሩ ነበር። የሥራ ባልደረባው አው አህመድ ልጃቸውን ሐሊማን እስኪድሩ ድረስ።

አው አህመድ እንደ አባዬ የፉርጎ ጠጋኝ ናቸው፤ የሐሊማ ባል አገር ደግሞ ቢዮ አዋሌ ነው። መንገዱ ድንጋይና አሸዋ ስለሆነ ታክሲዎቹ እንቢ አሉ። አባዬ ሳይጠየቅ «እኔ አደርሳታለሁ» አለ። ቃል ገባ ማለት ነው። እማዬ በዚያን ዕለት ጧት፣ «ተው ታደሰ፣ መጋላ በየት ገብተህ በየት ትወጣለህ?» አለችው። «ትናንት በእግሬ አጥንቼዋለሁ» አለ። እውነቱን ነው። መንገዱ በአንድ ጫፍ ያስገባል፣ የሙሽራዋን ቤት አልፎ በሌላው ጫፍ ያስወጣል።

ያላጠናው ነገር ቢኖር ሰርጉን ነው።

በተንጣለለ አገር ዳስ የሚጣለው ሜዳ ላይ ነው። መጋላ ሜዳ ከየት ይመጣል? ዳሱ የሚጣለው መንገዱ ላይ ነው። አው አህመድም ሌሊቱን ያንኑ መውጫ ጫፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በሸራ ዘግተው፣ ምንጣፍ አንጥፈው፣ የአገሩን ሽማግሌ ሁሉ አስቀምጠውበታል። እኛ ክላክሳችንን ሁለት ጊዜ እያሰማን በክብር ገባን፤ ሐሊማ በእልልታ ወጥታ ከፊት ተቀመጠች፤ አባዬ ክላክሱን ሁለት ጊዜ አሰማ። ከዚያ ቀና ሲል ከፊቱ ያለው ሩዝ የሚበሉ ሽማግሌዎች ናቸው።

ከኋላ እኔና ጽጌ ከሐሊማ ሻንጣ ጋር ታጭቀን ተያየን። የምንወርድበት ሰዓት መሆኑ ገብቶናል።

ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ናት። ያን ጊዜ ሰዓት እላፊ አለ፤ ቢዮ አዋሌ ደግሞ የሙሽራው ዘመዶች መንገድ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ። በዚያ ቀን ሳትደርስ ብትቀር ሐሊማ በአባቷ ቤት ልታድር ነው፤ ይህ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ውርደት ነው። አው አህመድ ላባቸውን እየጠረጉ «ችግር የለም፣ ወጣቶች ወደ ኋላ ይገፏታል» አሉ። ወጣቶቹ እጃቸውን መብራቶቹ ላይ አሳረፉ። እኔ በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ ብል አትፍረዱብኝ፤ ለአንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ይግፋ።

«ወሪያ! ቁሙ!»

የሐሊማ አያት አዴ መይሙና ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ከጂፗ ኋላ ቆመዋል። «ሙሽራ በጀርባዋ አትወጣም! በጀርባዋ የወጣች ትመለሳለች! ከኔ ቤት በጀርባዋ የወጣች የለችም፣ ወላሂ!»

«አዴ፣ ትውረድና በእግሯ እስከ መታጠፊያው ትሂድ» አለ አንዱ።

«ከተቀመጠች በኋላ እግሯ መሬት አይነካም!»

«ታዲያ ትብረር?»

«ያንን አንተ ታውቃለህ። ወንድ አይደለህ?»

ሳቅ ሆነ። አባዬ ግን አልሳቀም። መሪውን እንደያዘ አንገቱ ድረስ ቀልቷል። እማዬ ከሴቶቹ መሐል ሆና ስታየው አየሁ፤ «ነግሬህ ነበር» የሚለው ፊቷ ተዘጋጅቶ ነበር። ሐሊማ በመሸፈኛዋ ውስጥ ሆና ቀስ ብላ «ጋሽ ታደሰ፣ አንደርስም?» አለችው። አባዬ ወረደ። ጂፗን አንድ ጊዜ ዞራት። ከግድግዳው እስከ ግድግዳው በዓይኑ ለካ። ትይዩ ያለውን የጎረቤት ትልቅ የቆርቆሮ በር ተመለከተ።

«አህመድ» አለ፣ «ራስ ባቡር ቤቱ ሲገባ ፊቱን የምናዞረው እንዴት ነው?»

አው አህመድ አፋቸውን ከፍተው አዩትና ፈገግታቸው እስከ ጆሯቸው ሄደ። የዚያ ሰርግ ግማሹ እንግዳ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነው። ፉርጎ የሚጎትተውን ራስ ባቡር በሚሽከረከር ክብ መድረክ ላይ አቁመው፣ ገፍተው ፊቱን ወደ መጣበት ሲያዞሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የሚያዞሩትን ብረት ካያችሁ ጂፓችን ለእነሱ ምንም ናት። እንግዲህ ትንሽነቷን የሰደባችሁ ሁሉ ስሙ! የጎረቤቱ በር ተከፈተ። ፍየሎቹ ተባረሩ። ሰዎቹ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው አስረው በአራቱም ማዕዘን ገቡ። እኛን አወረዱን፤ ሙሽራዋ ግን ከነክብሯ ተቀምጣለች።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። ምክንያቱም ቆጠራው ነው። በቀኝ ያሉት በኦሮምኛ «ቶኮ! ለመ!» ይላሉ፤ በግራ ያሉት በሶማልኛ «ኮው! ለባ!»፤ ከኋላ ያለው የእኛ ሰፈር ሰው «አንድ! ሁለት!»። ሁሉም በየራሱ ሦስት ሲያነሣ ጂፗ በየተራ በአንድ በአንድ ጎኗ እየተነሣች ሐሊማን እንደ ጀልባ አወዛወዘቻት። «ልጄን ልታስታውኩ ነው?» አሉ አዴ መይሙና። ያን ጊዜ አባዬ እጁን በመስኮት አስገብቶ ክላክሱን ሁለት ጊዜ አሰማ። ክላክስ የማንም ቋንቋ አይደለም። በሁለተኛው ድምፅ ጂፗ ከመሬት ተነሣች።

ተነሣች ስላችሁ በእውነት ነው። አራቱም ጎማ አየር ላይ! አፍንጫዋ በፍየሎቹ በር ገባ፣ ጀርባዋ በግድግዳው ጥግ ሽው ብሎ ዞረ፣ አፍንጫዋ ተመልሶ ወጣ። ሐሊማ በትከሻ እንደምትሄድ ንግሥት ሳትነቃነቅ ከፍ ብላ ዞረች። መሬት ስትነካ ፊቷ ወደ መውጫው ነበር። እልልታው የሰፈሩ መስጊድ ሚናሬ ላይ ያሉትን እርግቦች አስነሣ። አባዬ መዶሻውን አውጥቶ አራቱንም ጎማ መታ መታ አደረገ፤ ክላክሱን አሰማና ወደፊት ነዳ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢዮ አዋሌ ገባን። በመንገዱ ሁሉ እኔ አንገቴን አልደፋሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የአዴ መይሙና ሥራ ነው። በነጋታው ገበያውን እየዞሩ «አላህ ራሱ የኋላ ማርሽ የነሣት መኪና» ብለው አወሩላት። ሐሊማ ትዳሯ ሰመረ፤ ወለደች። አንዷ እናት ለልጇ ለመነች፣ ሌላዋ ተከተለች። ከመጋላ አልፎ ከከዚራ፣ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም መጡ። አባዬ ከቤንዚን በቀር አይቀበልም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንኳ እህቱን ሲድር «ወደ ኋላ የማታውቅ፣ እውነተኛ አብዮታዊት መኪና!» ብሎ ንግግር አደረገባት። እኛም አጨበጨብን። እነዚያ «እናቷ መቼ ትመጣለች» ያሉት ልጆች ደግሞ አሁን ስትመጣ መንገድ ያስለቅቁላታል። ከነደንብ ልብሴ ስገፋ ያዩኝ የክፍሌ ልጆች «የእናንተ ናት አይደል?» ሲሉኝ፣ «አዎ» እላለሁ፤ አንድ ቃል ናት፣ ግን ጮክ ብዬ ነው የምላት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ጋሼ ንጉሤ ትናንት የመጣው። የሚሠራው በጅቡቲው ባቡር ላይ ነው። አባዬ ጂፗን የገዛ ሰሞን ዕቃውን አደራ ብሎት ነበር፤ ረስቶታል ብለን ነበር። ጋሼ ንጉሤ ግን የማይረሳ ሰው ነው። ከቴምር ጆንያ ውስጥ አወጣውና «ጉምሩክ ላይ ፊናንሶቹ ምንድን ነው ሲሉኝ የእህቴ ባል ጥርስ ነው አልኳቸው» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሳህን የሚያህል፣ በዙሪያው ጥርስ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ የማርሽ ዕቃ። ማንም አልሳቀም።

ጠቡ ይኸው ነው። ከጀመርኩበት ልቀጥል።

«ይህን ከገጠምኩት» አለ አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጂፗ እንደ ማንኛውም መኪና ነው የምትሆነው። ይህን ታውቂያለሽ? በሷ ከወጡት አንዲትም ሙሽራ አልተመለሰችም። አንዲትም! ልጄን በዚህ በረከት ላውጣት ነው ያልኩት። ክፉ ተመኘሁላት?»

«አልተመለሱም» አለች እማዬ። «ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው፣ ማን ሄዶ ጠየቃቸው?»



«ጋሽ ታደሰ፣ ዕቃው ሁለት ቀን ቢቀመጥ ምን አለበት?» አለ ጋሼ ንጉሤ ሊያስታርቅ። «ከሰርጉ በኋላ ትገጥመዋለህ።»

«ከሰርጉ በኋላ ምን ያደርግልኛል?» አለች እማዬ። ሳትቀመጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ነበር። ቁጣዋ ወጥቶ አልቆ ድምፅዋ ብቻ ቀረ። «ታደሰ፣ እኔን ከናዝሬት ስታመጣኝ በምን ነበር?»

«በባቡር ነዋ።»

«በባቡር። የማውቀው ሰው በሌለበት አገር፣ በዚያ ሙቀት አስቀመጥከኝና ሥራህ ሄድክ። የማዳምጠው ያንን ፉጨት ነበር። ወደ ላይ፣ ወደ ናዝሬት የሚመለሰውን ባቡር። በሰማሁት ቁጥር፣ ከከፋኝ ይኸው አለ፣ እያልኩ ድስቴን እጥድ ነበር። አንድም ቀን አልሄድኩበትም። ግን ይመለስ ነበር።»

ከበሩ ኋላ ጽጌ እጄን ያዘችኝ። 

«የሰውን ልጅ አትመለሺ ብለው ይሸኙ፤ የነሱ ነገር ነው» አለች እማዬ። «የኔ ልጅ ግን መመለስ በምታውቅ መኪና ትውጣ። ባትመለስም።»

 ጋሼ ንጉሤ ሻዩን ማማሰል አቆመ። አባዬ እማዬን አያት፤ ጓሮ ቆማ በመስኮቱ የምትታየውን ቀይ ቡናማ ጂፕ አያት፤ ከዚያ ሽርጡን ፈታና ዕቃውን አወጣው። ጥርሶቹን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ዞሮ ጨረሳቸው። የመሣሪያ ሳጥኑን ከግድግዳው ሥር አነሣ።

ያን ጊዜ ሁላችንም ጠበቅን፤ ልማድ ነውና። እማዬ እንኳ መልሷን አዘጋጅታ ነበር። አባዬ ግን ዕቃውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሁለቱን ጊዜ እህህ ሳይል፣ በጓሮው በር ወደ ጂፗ ወጣ።